የሕንድ ደራስያንና የሴት ልጅ ሸክም

የሕንድን ፊልም አይቶ ያላለቀሰ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው። አባቶቻችን በሲኒማ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኛም በየቤታችን በቴሌቪዥን ፊት ሆነን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ እንባችንን አፍስሰናል። የምናለቅሰውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ይኸውም ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ስለምትሞት፣ ወይም ለባሏና ለልጆቿ ስትል ራሷን ስለምትረሳ ሴት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ግን መብራት ይበራል፤ ዓይናችንን ጠራርገን ወደ ማዕዱ እንቀርባለን። እራቱን ማን ሠርቶ እንዳቀረበው በዚያች ሰዓት የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለንም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው እንባ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሕንድ ደራስያን የጻፏቸውን ልብ ወለዶች ባገኘነው መጠን ስናነብ ቆይተናል። ቤንጋሊም ሆነ ሂንዲ ወይም ኡርዱ ስለማናውቅ ከእንግሊዝኛው በቀር ያነበብነው በትርጉም ነው፤ ስለዚህ በቋንቋቸው ውበት ላይ ልንፈርድ አንደፍርም። ሕንድም አንድ አገር ትባል እንጂ ሃይማኖቷና ቋንቋዋ ብዙ ነው፤ በካልካታ የሚኖር የባለርስት ሚስትና በፑንጃብ የሚኖር የገበሬ ሚስት አንድ ዓይነት ኑሮ የላቸውም። ይህ ሁሉ ቢሆንም ከመጻሕፍቱ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን። ሴቲቱ የምትሞትባቸው ታሪኮች አሉ፤ ሴቲቱ ሳትሞት የምትኖርባቸው ታሪኮችም አሉ። የፊተኞቹ ያስለቅሱናል፤ የኋለኞቹ ግን እንቅልፍ ይነሡናል። እኛ የኋለኞቹን እናስበልጣለን፤ ምክንያቱንም እነሆ እንገልጻለን። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማስቀመጣችንን አንባቢ ይገንዘብልን።)

አስቀድሞ ስለ ሁለት ስሞች መናገር ያስፈልጋል። እነርሱም ሲታና ሳቪትሪ ናቸው። ሲታ የራማያና ታሪክ እመቤት ናት፤ የላንካው ንጉሥ ራቫና ጠልፎ ወሰዳት፤ ባሏ ራማ ተዋግቶ ካስመለሳት በኋላ በእሳት ውስጥ አልፋ ንጽሕናዋን አስመሰከረች፤ ይህም አልበቃ ብሎ በሕዝቡ ሐሜት ምክንያት ከቤተ መንግሥት ወጥታ ወደ ጫካ ተሰደደች። ሳቪትሪ ደግሞ በማሃባራታ ውስጥ የምትገኝ ናት፤ ባሏ በዓመቱ እንደሚሞት እያወቀች አገባችው፤ ሞትም ሊወስደው በመጣ ጊዜ እግር በእግር ተከትላ የባሏን ሕይወት አስመለሰች። በሂንዱ ቤተ ሰብ ውስጥ የምታድግ ሴት ልጅ እነዚህን ሁለት ታሪኮች እየሰማች ታድጋለች፤ መልካም ሚስት ስትመሰገንም በእነርሱ ትመሰላለች። በመካከሉ አንድ ነገር እናስታውስ። ሳቪትሪ ሞትን ያሸነፈችው በእንባ አይደለም፤ በአንደበቷ ተከራክራ ረትታው ነው። ልማድ ግን ታማኝነቷን አጥብቆ ይዞ አንደበቷን ረስቶታል።

ሕግስ ምን አደረገ ለሚል አንባቢ ባጭሩ እንመልስ። መበለትን ከባሏ ሬሳ ጋር የማቃጠል ልማድ በቤንጋል በ1829 ተከለከለ። በኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር ብርቱ ጥረት በ1856 መበለት እንደገና ማግባት እንድትችል ተፈቀደ። በ1929 የወጣው ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ቢያንስ 14 አደረገው። ከነጻነት በኋላም በ1955 እና በ1956 የሂንዱ የጋብቻና የውርስ ሕጎች፣ በ1961 ደግሞ ጥሎሽን የሚከለክል ሕግ ታወጁ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሕግ እስከ ደጃፍ ይደርሳል እንጂ ጓዳ ድረስ መግባት ይቸግረዋል። ልብ ወለድ የሚጀምረውም ሕጉ ከቆመበት ከዚያ ነው።

የሂንዲው ታላቅ ደራሲ ፕሬምቻንድ (1880—1936) በ1925 እና በ1926 በአላሃባድ በሚታተም መጽሔት በተከታታይ ያወጡት «ኒርማላ» የተባለው ልብ ወለድ የዚህ ምስክር ነው። ፕሬምቻንድ ስለ ጉዳዩ ከሩቅ ሆነው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም፤ በ1906 ራሳቸው በሕፃንነቷ ባሏ የሞተባትን ሺቭራኒ ዴቪን አግብተዋል፤ ይህም በዚያ ዘመን ከዘመድ ወዳጅ የሚያጣላ ነገር ነበር።

የኒርማላ ታሪክ መነሻው ጥሎሽ ነው። እዚህ ላይ አንባቢያችን እንዳይሳሳት እናስገንዝብ፤ በእኛ ዘንድ ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው የወንዱ ወገን ሲሆን፣ በዚያ ግን ገንዘቡንና ዕቃውን ለወንዱ ቤት የሚሰጡት የሴቲቱ ወላጆች ናቸው። የኒርማላ አባት ሠርጉ ሲደገስ በጠላት እጅ ይገደላል። ከዚያ በኋላ ጥሎሽ እንደማይገኝ የታወቃቸው የሙሽራው ወገኖች ቃላቸውን ያጥፋሉ። እናት ተጨንቃ ልጂቱን፣ ገና 15 ዓመት የሆናትን፣ ሚስቱ ለሞተችበትና ሦስት ወንዶች ልጆች ላሉት ጠበቃ ለቶታራም ትድራታለች። የቶታራም የበኩር ልጅ ማንሳራም ዕድሜው ከእንጀራ እናቱ ጋር እኩያ ነው።

ፕሬምቻንድ ቶታራምን ጨካኝ አድርገው አለመሳላቸው ለእኛ ትልቅ ጥበብ መስሎ ታይቶናል። ሰውየው ደግ ነው፤ ገንዘቡን ይሰጣታል፤ ወጣት ለመምሰል ሲል የጀብዱ ወሬ እየፈጠረ ያወራላታል፤ በዚህም ያሳዝናል እንጂ አያስጠላም። ነገር ግን ሚስቱ ከልጁ ጋር ተቀምጣ እንግሊዝኛ ስትማር ባየ ጊዜ ልቡ ይጠረጥራል። ልጁን ከቤት አስወጥቶ በትምህርት ቤት ማደሪያ ያስቀምጠዋል። አሁን የኒርማላን መከራ አንባቢ ያስተውል። ለልጁ ብትራራለት የባሏ ጥርጣሬ ይጸናል፤ ብትከፋበት ጨካኝ እንጀራ እናት ተብላ ትታማለች። ልጁን ለማዳን ስትል በባሏ ፊት ፊቷን ታጠቁርበታለች፤ ልጁም እውነት መስሎት ልቡ ይሰበራል። በኋላም የአባቱን ጥርጣሬ ሲረዳ ታሞ በሆስፒታል ይሞታል። ከአንዲት የ15 ዓመት ልጅ እናትነትን የጠየቀው ቤት፣ እናት በሆነች ጊዜ ደግሞ እናትነቷን እንደ ኃጢአት ቈጠረባት።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ እንከን የለውም ለማለት እንደፍራለን። ከዚያ በኋላ ግን ሞት በሞት ላይ ይደራረባል። ሁለተኛው ልጅ የኒርማላን ጌጥ ሰርቆ ራሱን ያጠፋል፤ ሦስተኛው አንድ መናኝ ተከትሎ ይጠፋል፤ በመጨረሻም ኒርማላ ራሷ፣ ሕፃን ልጇን ለማይሆን ሰው እንዳይድሩባት ለባሏ እኅት አደራ ሰጥታ፣ ትሞታለች። አንባቢ ያለቅሳል። ደራሲው ቤተ ሰቡን ለማፍረስ ይህን ያህል ሬሳ አያስፈልጋቸውም ነበር እንላለን። ሟች ሴት ለአንባቢ ምቹ ናት፤ አልቅሶ ይቀብራታል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አትጠይቀውም።

ራቢንድራናት ታጎር ይህን ነገር አስቀድመው የተረዱት ይመስላል። የኖቤልን ሽልማት በተቀበሉ በዓመቱ፣ በ1914፣ «የሚስት ደብዳቤ» የተባለ አጭር ታሪክ ጻፉ። ጽሑፉ በሙሉ አንዲት ሚስት ለባሏ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ምሪናል በ12 ዓመቷ ለካልካታ ትልቅ ቤት ተዳረች፤ የመረጧትም ለመልኳ ነው። መልኳን ቶሎ ረሱት፤ አእምሮ እንዳላት ግን ሊረሱት አልቻሉም፤ ምክንያቱም በየዕለቱ ያስቸግራቸው ነበር። በድብቅ ግጥም ትጽፍ ነበር፤ በ15 ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ያወቀባት አልነበረም።

በዚያ ቤት የታላቂቱ ምራት ታናሽ እኅት ቢንዱ፣ ወላጆቿን አጥታ ተጠግታ ትኖራለች። እኅቷ እንኳ ባሏንና የባሏን ወገን ፈርታ እንደ ገረድ አሠራቻት፤ የወደደቻት ምሪናል ብቻ ናት። በመጨረሻ ሸክሙን ለመገላገል ሲሉ ለእብድ ሰው ዳሯት። ሸሽታ መጣች፤ መልሰው ሰደዷት፤ ልብሷን በእሳት አያይዛ ሞተች። በታጎር ቦታ ሌላ ደራሲ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የታጎር ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምሪናል ባሕር ዳር ወዳለው የፑሪ መቅደስ ለመሳለም ሄዳ ከዚያ አልመለስም ብላ ትጽፋለች። የቤንጋል ሚስት ለባሏ ስትጽፍ ከእግሩ ሥር ያለች መሆኗን በትሕትና ትገልጽ ነበር፤ ምሪናልም ደብዳቤዋን በዚሁ ልማድ ጀምራ፣ ስትፈርም ግን ከዚያ ጥላ የተለየች መሆኗን ታስታውቃለች። በሁለት ቃላት መካከል አንድ ትዳር ፈረሰ። ምሪናል አልፎ አልፎ እንደ ራሳቸው እንደ ታጎር አሣምራ ትናገራለች፤ ጓዳ ውስጥ ያደገች ሴት ይህን ሁሉ ምሳሌ ከየት አመጣችው የሚል አንባቢ ሐሰተኛ አይባልም። ይሁን እንጂ ደራሲው አልገደሏትም፤ ይህን በብርቱ እናመሰግናለን።

ምሪናል ሄደች፤ መሄድ የማይቻላትስ እንዴት ትኖራለች? የአር. ኬ. ናራያን «ጨለማው ክፍል» (1938) የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። መጽሐፉን ያገኘነው ሽፋኑ ከተገነጠለ በኋላ ከአንድ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነው፤ ምናልባት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ካስተማሩት ከብዙዎቹ የሕንድ መምህራን አንዱ ትቶት የሄደ ይሆናል። ናራያን ይጽፉ የነበሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪካቸውም አብዛኛው የሚፈጸመው ማልጉዲ በተባለች ራሳቸው በፈጠሯት ከተማ ነው።

የባለታሪኳ ስም ሳቪትሪ ነው። ስሙ በከንቱ አልተመረጠም። ባሏ ራማኒ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሹም ነው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ራማኒ ጠባዩ ደኅና የሆነ ዕለት ቤቱ ይስቃል፤ የከፋው ዕለት ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ምግቡን ይነቅፋል፤ ልጅ ታምሞ ከትምህርት ቤት ይቅር ብትል ይቈጣል። ሳቪትሪ በተበሳጨች ጊዜ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማእድ ቤት አጠገብ ባለው ጨለማ ክፍል ገብታ ወለሉ ላይ ትተኛለች። ናራያን ይህን ሁሉ እያሣሣቁ ያወሩታል።

እኛም የመሥሪያ ቤት ሰው ነንና አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። አንድ ምሽት ራማኒ ወጡን ሲነቅፍ የሚለውን እያነበብን ስንስቅ፣ ከጓዳ «ቡናው ይፍላ ወይስ ይቆይ?» የሚል ድምፅ መጣ። ዓይናችንን ከመጽሐፉ ሳናነሣ በእጃችን ምልክት መለስን። ድምፁ መልሱን ለማየት በር ድረስ መምጣት ነበረበት። ከዚያ ገጽ በኋላ እንደ ፊተኛው መሣቅ አልቻልንም።

ራማኒ ለሥራ ልምምድ የመጣች ሴት ይወዳል። ሳቪትሪ ይህን ስታውቅ ትከራከረዋለች፤ በሌሊትም ከቤት ትወጣለች። በዚያች ሰዓት ከቤቱ የሚወሰድ የራሷ የሆነ ነገር ትፈልጋለች፤ አንድም አታገኝም፤ ጌጡም ልብሱም ልጆቹም ወይ ባሏ ወይ አባቷ የሰጡት ነው። ሳራዩ ወንዝ ውስጥ ልትሰጥም ስትል ማሪ የተባለ ሰው ያወጣታል፤ ይህም በቀን ቁልፍና ጃንጥላ እየጠገነ፣ በሌሊት እየሰረቀ የሚኖር ድኃ ነው። እርሱና ሚስቱ ፖኒ ወደ መንደራቸው ይወስዷታል፤ በቤተ ጣዖት ጠርጋ የምታገኛትን ጥቂት ሩዝ በላች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን እንጀራ አገኘች ማለት ነው። ግን ሌሊቱ ያስፈራታል፤ ልጆቿም በዓይኗ ይዞሩባታል። በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሳ ገባች። ባሏ አልተቈጣትም፤ እንዲያውም ደስ አለው፤ ምንም እንዳልሆነ ቀጠለ።

በመጨረሻው ገጽ ማሪ ቁልፍና ጃንጥላ እጠግናለሁ እያለ በመንገድ ላይ ሲጮህ ትሰማዋለች። ሕይወቷን ያዳነ ሰው ነው፤ ጠርታ ልታበላው፣ ልትሸልመው ትነሣለች። ከዚያ ምን አለኝ ብላ ትተወዋለች። ድምፁ ወደ ሌላ መንገድ እስኪያልፍ በመስኮት ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አልሞተችም፤ ማንም አያለቅስላትም፤ ማዕዱም በሰዓቱ ይቀርባል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ፍጻሜ ደካማ ይሉታል። እኛ ግን ከኒርማላ ሞት ይልቅ ይህ መስኮት ከብዶናል፤ ምክንያቱም በየመንደሩ ያለ መስኮት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነቀፋና ስለ ቸልታ ነው። ከዚህ የረቀቀ ነገር ያሳዩት የኡርዱው ደራሲ ራጂንደር ሲንግ ቤዲ ናቸው፤ «ላጅዋንቲ» የተባለች አጭር ታሪካቸው ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ማዕከል ናት ብንል አናጋንንም።

በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከሞቱትና ከተሰደዱት ሌላ እጅግ ብዙ ሴቶች በሁለቱም ወገን ተጠልፈው ተወሰዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሁለቱ መንግሥታት የተጠለፉትን ሴቶች ለመመለስ ተስማሙ፤ ሕንድም በ1949 ሕግ አወጣች። ነገር ግን በመንግሥት ትእዛዝ ድንበር የተሻገረችውን ሴት ቤተ ሰቧ ባይቀበላትስ? ብዙዎች ተረክሳለች ብለው ሚስታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኅታቸውን አናውቃትም አሉ። የሲታ እሳት እንደገና ነደደ።

የቤዲ ባለታሪክ ሱንደር ላል በሉድያና ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ ሚስቱ ላጅዋንቲ ተጠልፋበታለች። ስሟ ጣት ሲነካው ቅጠሉን የሚከድን ለስላሳ ተክል ስም ነው። ከመጠለፏ በፊት ይደበድባት ነበር፤ አሁን ያ ይጸጽተዋል። ስለዚህ የተመለሱትን ሴቶች በልባችሁ ተቀበሉ የሚል ማኅበር ተቋቁሞ እርሱ ጸሐፊው ሆነ፤ ጎሕ ሲቀድ በየመንገዱ እየዘመረ ይሰብካል። አንድ የሃይማኖት ሰው የራማንና የሲታን ታሪክ ጠቅሶ ሲቃወመው፣ ሱንደር ላል ሲታ ምን አጠፋች ብሎ በድፍረት ይከራከረዋል። አንባቢ ይህን ሰው ይወደዋል፤ እኛም ወደድነው።

ከዚያም ላጅዋንቲ ትመለሳለች። ሱንደር ላል ቃሉን አላጠፈም፤ ተቀበላት። ዳግመኛ እጁን አላነሣባትም፤ እንዲያውም «ዴቪ» ብሎ ይጠራት ጀመር፤ ይኸውም አማልክት ማለት ነው። አንድ ሌሊት ያ ሰው ይመታሽ ነበርን ብሎ ጠየቃት። አልመታኝም፤ ግን ከአንተ ይልቅ እርሱን እፈራው ነበር አለችው። የደረሰባትን ሁሉ ልትነግረውና ልትቀልል ፈለገች። እርሱ ግን ያለፈውን እንተወው አለ። ታሪኳ በልቧ ቀረ። የቀድሞዋ ላጆ በትንሽ ነገር ተጣልታ በትንሽ ነገር የምትታረቅ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን እንደ መስተዋት ዕቃ ተፈርታ ተቀመጠች። ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ግን ቤቷን አጣች።

ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አንብበነዋል። መጀመሪያ ሱንደር ላልን አደነቅን፤ ሁለተኛ ጊዜ አዘንን፤ ሦስተኛ ጊዜ ግን ፈራነው። በትሩ ቀረ፤ ሙገሳው መጣ፤ የሴቲቱ አፍ ግን በበትሩ ዘመን ከነበረው ይልቅ ጠብቆ ተዘጋ። የሚመታትን ባል ብትጮህበት ጎረቤት ይሰማል፤ የሚያመልካትን ባል በምን ቃል ትከሰዋለች? ሱንደር ላል እንድትናገር ያልፈቀደው ከክፋት አይደለም፤ የምትናገረው ነገር የሠራላትን ምስል ያፈርስበታል። ኅብረተሰብ ከሴት የሚጠብቀው ነገር እጅግ የሚከብደው ትእዛዝ ሲሆን ሳይሆን ምስጋና ሲሆን ነው የሚለው ሐሳባችን ከዚህች አጭር ታሪክ የተገኘ ነው። አምሪታ ፕሪታምም «ፒንጃር» በተባለው በ1950 በወጣው መጽሐፋቸው ይህንኑ ዘመን ከሌላ በኩል አሳይተዋል፤ የተጠለፈችው ፑሮ ሸሽታ ወላጆቿ ደጃፍ ስትደርስ አይቀበሏትም፤ ጠላፊዋም በክንዷ ላይ ሐሚዳ የሚል አዲስ ስም ያስነቅስባታል።

ወንዶችን ብቻ እንዳልወቀስን ለማሳየት ወደ አሻፑርና ዴቪ እንለፍ። እኒህ የቤንጋሊ ደራሲ በ1909 የተወለዱ ሲሆን፣ አያታቸው ስለከለከሉ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ወንድሞቻቸው ሲያጠኑ እያዩ ፊደል ለዩ፤ በ1976 ግን ጅናንፒት የተባለውን ታላቅ የሕንድ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከሴቶች መጀመሪያ ተቀበሉ። «የመጀመሪያው ቃል ኪዳን» በተባለው የ1964 መጽሐፋቸው ሳትያባቲ የተባለች ብርቱ ሴት ልጇን ሱባርናላታን ለማስተማር ትመኛለች። አማቷ ግን እናቲቱ በሌለችበት የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ይድራሉ። ሳትያባቲ ደርሳ ሠርጉ እንደተፈጸመ ስታይ ያን ቤት ትታ ወደ ካሺ ትሄዳለች። መሄዷ ክብር ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሕፃኗ ናት፤ በባሏ ቤት ከቤት የወጣች ሴት ልጅ እየተባለች ተሰደበች። አሻፑርና ዴቪ ይህን ሒሳብ አልሸሸጉም።

በሁለተኛው መጽሐፍ ሱባርናላታ አድጋ አዲስ ቤት ሲሠራ ከባሏ አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፤ ወደ መንገድ የሚያሳይ ሰገነት። ይሠራልሻል ይላታል። ስትገባ ሰገነት የለም። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነውን የሚል አንባቢ ይኖራል፤ አዎን፣ ይህ ነው። አማትም፣ የባል ወንድሞች ሚስቶችም ሰገነት ምን ያደርግላታል ብለው ይሣቁባታል እንጂ አንዲት እንኳ አብራ አትለምንላትም፤ እነርሱም በዘመናቸው ያላገኙትን ለሌላ መፍቀድ የራሳቸውን ዕድሜ ከንቱ ማድረግ ይሆንባቸዋልና። የጓዳ ሕግ ዘበኞች ሴቶች የሚሆኑበትን ምክንያት ከዚህ ይበልጥ አጥርቶ የጻፈ ደራሲ አላገኘንም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን፣ ከእኛ የበለጠ ያነበበ ሰው፣ እነዚህ ደራስያን ትዳርን ያፈርሳሉ ብሎ ተከራክሮናል። ክርክሩን አልናቅነውም። ሆኖም ሱባርናላታ በቤቱ ላይ ሰገነት ለመነች እንጂ ቤቱ ይፍረስ አላለችም፤ የናራያን ሳቪትሪ ለልጆቿ ስትል ተመለሰች፤ ላጅዋንቲ የተመኘችው ከገዛ ባሏ ጋር መነጋገር ነበር። ቤታቸውን የጠሉ ሴቶች አይደሉም። ባልደረባችን ምሪናልን ጠቀሰብን፤ በእርሷ ረትቶናል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወጡት መጻሕፍት ባጭሩ እንለፍ። የሻሺ ዴሽፓንዴ «ያ ረዥም ዝምታ» (1988) የተማረችና ጽሑፍ የምትጽፍ ሴት ታሪክ ነው፤ ስሟ ጃያ፣ ድል ማለት ሲሆን፣ ባሏ በሠርጋቸው ጊዜ ሱሃሲኒ የሚል የጨዋ ሴት ስም ይሰጣታል። መጽሐፉ እውነተኛ ነው፤ ግን ባለታሪኳ ራሷን እጅግ ስለምትመረምር አንባቢ የሚመረምረው ነገር ያጣል። በካንናዳ ቋንቋ የሚጽፉት ባኑ ሙሽታቅ በደቡብ ሕንድ የሚኖሩ የእስላም ሴቶችን ኑሮ ባሳዩባቸው 12 አጫጭር ታሪኮች በ2025 ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት ተቀብለዋል፤ ኀዘኑን በቀልድ ያዋዙበት መንገድ ደስ አሰኝቶናል። ከእርሳቸው በፊት በ2022 ይኸው ሽልማት የደረሳቸው ጊታንጃሊ ሽሪ ናቸው፤ በሂንዲ የጻፉት ልብ ወለድ የሚጀምረው ባሏ የሞተባት የ80 ዓመት እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልነሣም ስትል ነው። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ እየተፈራረቁ ይለምኗታል። በኋላ ትነሣለች፤ ድንበርም ተሻግራ ፓኪስታን ትገባለች። መጽሐፉ በብዙ ቦታ ይንዛዛል፤ ያ የዞረ ጀርባ ግን አይረሳም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ኡርዱ የሚያውቅ ካለ «ላጅዋንቲ»ን ወደ አማርኛ ቢመልስልን እንወድ ነበር፤ ታሪኩ አጭር ስለሆነ አዘጋጁ ገጽ እንደማይነፍጉት እናምናለን። እኛ ከእንግሊዝኛው ልንሞክር ጀምረን በአንድ ቃል ላይ ቆመናል፤ ይኸውም ሱንደር ላል ሚስቱን የሚጠራበት «ዴቪ» የሚለው ቃል ነው። በሕንድ በሴቶች ስም ላይ ለክብር የሚጨመርም ይኸው ቃል ነው። «አማልክት» ብለን ብንተረጕመው ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ሆነ። «እመቤቴ» ብንለው ግን፣ በየቤታችን ማታ ማታ የምንለው ሆኖ አገኘነው።